የአባቴ ክሪክ መኪናውን ካነሳ በኋላ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ላሰራው ወይስ አዲስ ልግዛ?

ቪትዝ_ጀማሪ
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። መኪና ከያዝኩ 8 ወሬ ነው፣ ቪትዝ ናት። ለአንድ የፍሬን ሸራ ጋራዥ ሄጄ ግማሽ ቀን በርጩማ ላይ ከምቀመጥ ብዬ ጎማ መቀየር፣ ሸራ ማየት፣ ዘይት መቀየር ምናምን እቤት ራሴ እየሞከርኩ ነው። ከመኪናዋ ጋር የመጣችው ክሪክ ያቺ እያሾርክ የምታነሳት መቀስ መሳይዋ ናት፣ እሷን አሹሬ ጎማው ከመሬት እስኪላቀቅ ወገቤም ክንዴም ያልቃል።

አባቴ ነፍሱን ይማረውና ድሮ ጋራዥ ይሰራ ነበር። ከሱ የቀረ ባለ ጎማ ክሪክ አለ፣ ረጅም እጀታ ያለው፣ ከባድ፣ እኔና ወንድሜ ለሁለት ነው ከመጋዘን ያወጣነው፣ ከግራሶው ስር ቀለሙ ቀይ ሳይሆን አይቀርም። ቅዳሜ የፊት ግራውን በሱ አነሳሁ፣ 7 ወይ 8 ጊዜ ፓምፕ ሳደርግ ብድግ አለች፣ ደስ ብሎኝ ሻይ ልጠጣ ገባሁ። ስመለስ ጎማው መሬት ነክቷል። ማንም አልነካውም። ድጋሚ አንስቼ ሰዓት ያዝኩበት፣ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ ቁጭ። ከስሩ ጠብ ያለ ዘይት ግን የለም፣ ድንጋዩ ደረቅ ነው።

እና ይሄ ይሰራል ወይስ በቃው? አዲስ ልግዛ ካልኩስ ስንት ቶን? ሶማሌ ተራ አንዱ ሻጭ ባለ 2 ቶኗን በፕላስቲክ ሳጥን ያለችውን አሳይቶ «ለቪትዝ ምን አነሳት» አለኝ፣ ጎረቤቱ ደግሞ 3 ቶን ካልገዛህ ትጸጸታለህ አለኝ። ግቢያችን ኮብልስቶን ነው። እናቴ በበኩሏ «የአባትህን እቃ ለቆራሌው ትሰጥና...» ብላ ቀሪውን ዋጠችው፣ ስለዚህ መጣል የሚለው ነገር ከነጭራሹ የለም።

ሳሪስ_ጎሚስታ
ወንድሜ መጀመሪያ ሻይ የሚባለውን ነገር አመስግን። ከስር ገብተህ ቢሆን ዛሬ ይህን አትጽፍም ነበር። ክሪክ ያነሳል እንጂ አይዝም፣ አዲስም ሆነ አሮጌ፣ 2 ቶንም ሆነ 20። ስታንድ፣ ከተነሳ በኋላ መኪናው የሚያርፍበት የብረት ማቆሚያ፣ አለህ?

ቪትዝ_ጀማሪ
የለኝም። ስር አልገባሁም ግን ሸራውን ላይ እጄን ከትቼ ነበር ☹

የድሮ_መካኒክ
ልጄ ክሪኩን አትጣለው፣ የእናትህን ቃል ስማ። እንዲህ ያሉት አሮጌዎቹ ብረታቸው ብረት ነው፣ አሁን የሚመጣው አንዳንዱ ላሜራው በጣት ሲጫኑት የሚታጠፍ ይመስላል።

አሁን ወደ ነገሩ። ዘይት ውጪ ካልፈሰሰና ክሪኩ ከወረደ ዘይቱ የት ሄደ? ወደ ራሱ ጋን ነው የተመለሰው። ማለትም ውስጥ ለውስጥ የሚያሳልፍ ቦታ አለ። ትልቁ ፒስተን ላይ ያለው ጎሚኒ፣ ዘይቱን የሚይዘው ላስቲክ፣ አልቆ ቢሆን ብዙ ጊዜ ዘይቱ በፒስተኑ አፍ ላይ ሲያለቅስ ታየዋለህ፣ አንተ ደረቅ ነው ብለሃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ መልቀቂያው ቫልቭ ነው፣ እጀታውን ስታዞር የሚከፈተውና የሚዘጋው። እዚያ ውስጥ አንዲት የብረት ኳስ አለች ጉድጓዷ ላይ የምትቀመጥ፣ ከስሯ ፀጉር የምታክል ቆሻሻ ከገባች በቃ ቀስ እያለች ታሳልፋለች።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አድርግ፣ ብዙ ሰው ይሄን ሳያይ ነው ክሪክ የሚፈታው። የእጀታው ጫፍ ቫልቩን የሚይዝበት ቦታ በእድሜ ብዛት ይበላል፣ እጅህ ላይ ጠብቋል ይልሃል ቫልቩ ግን ገና ሩብ ዙር ይቀረዋል። እጀታውን ነቅለህ ቫልቩን ራሱን በመፍቻ ዝጋና ድጋሚ አንስተህ ሰዓት ያዝ። ካልወረደ በሽታው እጀታው ላይ ነበር።

ከወረደ ጭነት ሳይኖርበት ቫልቩን ሁለት ዙር ያህል ክፈትና እጀታውን 10፣ 15 ጊዜ ቶሎ ቶሎ ምታው፣ ክንዱን በእጅህ ወደ ላይ ሳብና በእግርህ ተጭነህ መልሰው፣ ሁለት ሶስት ጊዜ። ዘይቱ በኃይል ሲመላለስ ቆሻሻውን ይዞት ይሄዳል፣ አየርም ካለ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል። ካላለቀ ተመልሰህ ጻፍልኝ።

ሰፈር_22
ምን ያስቸግራል የፍሬን ዘይት ጨምርበት ወፍራም ስለሆነ ይይዛል፣ እኔ እንደዛ ነው ያደረግኩት

የድሮ_መካኒክ
አይደረግም! የፍሬን ዘይትና የክሪክ ጎሚኒ ጠላት ናቸው። የፍሬን ጎሚኒ የሚሰራበት ላስቲክ ሌላ ነው፣ የክሪኩ ሌላ ነው። የፍሬን ዘይት ግላይኮል ነው፣ የክሪክን ጎሚኒ ያሳብጠዋል ከዚያ ያላሽቀዋል። ያንተ ያዘ የምትለው እኮ ጎሚኒው አብጦ ነው፣ ጥቂት ወር ቆይተህ ጥቁር ንፍጥ የመሰለ ነገር ከውስጡ ታወጣለህ። ውሃም ይስባል፣ ውስጡን ያዝገዋል። በተቃራኒውም እንዲሁ ነው፣ የሃይድሮሊክ ዘይት ፍሬን ውስጥ ከገባ የፍሬኑን ጎሚኒ ያበላሻል።

ሰፈር_22
እሺ ጋሼ አይቆጡ 😅 ግን እኮ አሁንም ይሰራል

ሳሪስ_ጎሚስታ
ይሰራል ማለት ያነሳል ማለት ከሆነ አዎ። ያንተን ክሪክ ግን ሰፈር ሰው እንዳታውሰው።

ቶርኖ_ቤት
እኔ ትንሽ ስሌት ልጨምር ምክንያቱም ለምን አንዲት ብናኝ ይህን ያህል እንደምትበጠብጥ ካልገባን ጥገናው ጥንቆላ ይመስላል። ለምሳሌ ትንሹ ፒስተን 12 ሚሊሜትር ትልቁ 36 ሚሊሜትር ቢሆን በውፍረት 3 እጥፍ ነው፣ በስፋት ግን 9 እጥፍ ነው። እጀታው ደግሞ 60 ሳንቲሜትር ሆኖ ትንሹን ፒስተን ከመዞሪያው 3 ሳንቲሜትር ላይ ከገፋው 20 እጥፍ ጨመረልህ። 9 በ20፣ 180 እጥፍ። አንተ 20 ኪሎ ስትጫን ትልቁ ፒስተን 3600 ኪሎ ይገፋል። ይሄ ሁሉ ግን ጎማው ስር አይደርስም፣ ክንዱ ረጅም ነው ፒስተኑ የሚገፋው ደግሞ ከታች አጭሩን ጫፍ ነው፣ በ5 ቢካፈል እንኳ 720 ኪሎ ይቀርሃል፣ የቪትዝን ፊት ከበቂ በላይ ያነሳል።

አሁን ዘይቱ ውስጥ ያለውን ግፊት አስሉት፣ 3600 ኪሎ በ10 ካሬ ሳንቲሜትር ስፋት ላይ ማለት ወደ 350 ባር ነው። የመኪና ጎማችሁ አየር 2 ነጥብ ምናምን ባር ነው። በ350 ባር የሚገፋ ዘይት ፀጉር የምታክል ክፍተት ካገኘ ይሄዳል፣ አለቀ። ለዚህ ነው ጋሼ ያሉት ትክክል የሆነው።

እዛው ላይ ሌላ ቡሎን ታገኛለህ፣ አንዳንዱ ላይ ቀለም ተቀብቷል ወይ በፕላስቲክ ተከድኗል። እሱ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ዘይቱን የሚመልሰው ነው። እሱን አጥብቄ 2 ቶኑን 3 ቶን አደርገዋለሁ የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አትንካው። አንተ የምትፈልገው መልቀቂያው ነው።

ሃና_በራሷ
የመግዛት ጥያቄው ተረሳ እኮ። ልጁ ስንት ቶን ልግዛ ነው ያለው። እኔ ሁለቱንም ስለገዛሁ ልናገር።

መጀመሪያ ያቺን ባለ ሳጥኗን 2 ቶን ገዛሁ። ቶኑ አይደለም ችግሩ፣ እኔም ኮሮላ ነው የምነዳው ወደ 1 ነጥብ 2 ቶን ነው ከነሙሉ አካሏ፣ አንዴ የምታነሳው ደግሞ አንድ ጎን ወይ ፊቷን ብቻ ነው፣ ስለዚህ 2 ቶን ስራውን ይሰራል። ችግሩ ቁመቱ ነው። ትንሿ ክሪክ ሙሉ በሙሉ ወርዳ እንኳ ከመሬት ወደ 13 ሳንቲሜትር ትሆናለች፣ ጎማዬ ቀን ላይ ፈንድቶ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ስትተኛ ክሪኳ ከስር አልገባም አለች! አስቡት፣ ክሪክ አለሽ መኪናሽ ግን ክሪክ ለማስገባት ክሪክ ትፈልጋለች። ጎረቤት ጠርቼ ጎማውን ሳንቃ ላይ አስወጥተን ነው የገባችው። ከላይ ደግሞ 33 ሳንቲሜትር ላይ ቆመች፣ ጎማው ከመሬት ተላቀቀ ግን ስታንድ ለማስገባት ምንም አልተረፈም።

ሁለተኛ የገዛሁት ባለ 3 ቶን ዝቅ ያለው ነው፣ ሲወርድ ከ10 ሳንቲሜትር በታች ሲነሳ ወደ 48። ከባድ ነው ከ30 ኪሎ በላይ፣ እኔ አልሸከመውም እየጎተትኩ ነው የምወስደው። እጀታው ረጅም ስለሆነ ቆሜ ነው የማነሳው አልንበረከክም። ስለዚህ ሱቅ ስትሄድ ቶኑን ተወውና ሜትር ይዘህ ሂድ። ከመሄድህ በፊት መኪናህን ከመሬት እስከምታነሳበት ቦታ ለካ፣ ከዚያ ትንሽ ቀንስለት ጎማ ሲተነፍስ ለሚወርደው።

ሱቁ ውስጥ ደግሞ አታፍርም፣ ክፈትልኝ በለው። ቫልቩን ዝጋና ባዶውን እስከ ላይ አንሳው፣ ጫፍ ሳይደርስ ከቆመ ወይ እንደ ስፖንጅ ላላ ላላ ካለ ዘይቱ ጎድሏል ወይ አየር አለው። ከላይ ተወውና ሌላ እቃ ስትመርጥ ቆይ፣ ወርዶ እንደሆነ እይ። እጀታው ሁለት ቁራጭ ከሆነ ሲገጣጠም ይወላገዳል ወይ አይወላገድም እይ። ሻጩ ፊቱን ካጠቆረ ሌላ ሱቅ ሂድ፣ ሶማሌ ተራ ሱቅ አይጠፋም።

ሳሪስ_ጎሚስታ
ሃና ሁሉን ጨረሰችው። አንድ ልጨምር፣ ተለጣፊውን አትመኑ። 3 ቶን የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ክሪክ በአንድ እጅህ ካነሳኸው 3 ቶን ብረት የለውም፣ አሉሚኒየም ካልሆነ በቀር።

ሃና_በራሷ
ኮብልስቶኑን ረሳሁት ዋናው እሱ ነው። ይሄ ክሪክ ጎማ ያለው ለመጎተት ብቻ እንዳይመስልህ። ክንዱ ሲነሳ ቀጥ ብሎ አይደለም የሚነሳው ወደ ኋላ ክብ እየሰራ ነው፣ ስለዚህ መኪናው ከፍ እያለ ሲሄድ ክሪኩ ራሱ ወደ መኪናው ስር መንከባለል አለበት። ኮብልስቶን ላይ ትንንሾቹ የብረት ጎማዎች ድንጋይና ድንጋይ መሃል ይገባሉ፣ ክሪኩ መሄድ ሲያቅተው መኪናውን ይጎትተዋል ወይ ጭንቅላቱ ላይ ያለው ሳህን ከነካበት ቦታ ይንሸራተታል። እኔ ላይ ተንሸራቷል፣ የበሩ ስር ያለው ጠርዝ ታጥፎ አሁንም አለ።

ብየዳ ቤት ሄደህ ወፈር ያለ ላሜራ አስቆርጥ፣ ክሪኩ ተኝቶበት ፊትና ኋላ ትንሽ ቦታ የሚተርፈው። ስታንዱም ላሜራ ላይ ይቁም። ላሜራው የተቀመጠበት ድንጋይ ራሱ የሚወዛወዝ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልግ።

ሜሪላንድ_ነኝ
ሰላም ከሲልቨር ስፕሪንግ። እዚህ ኮብልስቶን የለም ግን አስፋልቱ ሐምሌ ላይ ይለሰልሳል የስታንዱ እግር ይሰምጥበታል፣ እኔ ወፍራም ኮምፔርሳቶ ነው የማነጥፍለት። ያውም አፓርትመንቱ ፓርኪንግ ላይ መኪና መስራት ስለማይፈቅድ የአጎቴ ቤት ሄጄ ነው።

ስታንድ ስለሚባለው ግን ዝም ብላችሁ አትመኑ። 2020 ላይ እዚህ ሃርበር ፍሬት የሚባለው የመሳሪያ መደብር ፒትስበርግ የሚባለውን ባለ 3 እና ባለ 6 ቶን ስታንድ ከ1 ሚሊዮን በላይ ከገበያ ጠርቷል፣ መኪና ላዩ ላይ እያለ ጥርሱ ሊለቅ ይችላል ተብሎ። የሚገርመው በምትኩ ከመጣው ባለ 3 ቶን ላይም የብየዳ ችግር ተገኝቶ እሱም ተጠራ። ስለዚህ ባለ ጥርሱን ከገዛችሁ ካቆማችሁ በኋላ ጥርሱ እስከ ውስጥ መግባቱን አጎንብሳችሁ እዩ፣ መኪናውን ቀስ አድርጋችሁ አሳርፉበት፣ ከዚያ ጎን ለጎን ገፋ አድርጋችሁ ሞክሩት ስር ሳትገቡ። እኔ አሁን ባለ ፒኑን ነው የያዝኩት፣ ወፍራም ብረት በቀዳዳ የሚያልፈውን። ከፍታው እንደ ልብ አይመጠንም ግን እንቅልፍ ይሰጣል።

ቪትዝ_ጀማሪ
ከዚያ ሰው ሲመጣ አሉሚኒየሙን ማስመጣት ይቻላል?

ሜሪላንድ_ነኝ
ሃሃሃ ቁስሌን ነካኸው። ባለ 1 ነጥብ 5 ቶን አሉሚኒየም ወደ 15 ኪሎ ነው፣ አንዱ ሻንጣ 23 ኪሎ ስለሆነ ይገባል ብዬ ለወንድሜ ይዤ መጣሁ። የዘይት መሙያው ቡሽ ላስቲክ ነው ብዬ አላሰብኩም። ቦሌ ሻንጣውን ስከፍት ለእህቴ ሰርግ የያዝኩት ሱፍ ክሪኩን አቅፎ ተኝቷል፣ ዘይቱን በሙሉ ጠጥቶታል። ማንም የሚያመጣ ካለ ዘይቱን ያፍስስ፣ እዛው ይሞላዋል።

አዲስ_ኤሌክትሪክ
ቪትዝ ለያዘ ይሄ ሁሉ ልክ ነው፣ ግን በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ብዙ ሰው ኤሌክትሪክ ይዟል ለነሱም ልናገር። የኔ አይዲ 4 ከ2 ቶን በላይ ናት። ከስሯ ከፊት እስከ ኋላ ባትሪ ነው የተነጠፈው። ባለፈው ጎማ ተንፍሶብኝ የቆምኩበት ቦታ ያለው ልጅ ክሪኩን እየጎተተ መጥቶ መሃል ወለሉ ስር ሊያስገባ ሲል ጮህኩበት፣ ደነገጠ ልጁ። የባትሪውን ሳጥን በክሪክ ከነካህ የምታወጣው ገንዘብ የክሪክ አይደለም። በየጎኑ ሁለት ሁለት የተወሰነ ቦታ አላት፣ እሱ ላይ ብቻ፣ በመሃል ላስቲክ አድርጎ።

ቪትዝ_ጀማሪ
ቪትዝ ላይስ የት ነው? እስካሁን እኔ ጠንካራ የመሰለኝ ቦታ ላይ ነበር የማደርገው 🙈

ሃና_በራሷ
ከበሩ ስር ያለውን ጠርዝ በእጅህ ዳስሰው። ከፊት ጎማው ትንሽ ኋላ፣ ከኋላ ጎማው ትንሽ ፊት ላይ ሁለት ሁለት ቁርጥ ያለ ምልክት ታገኛለህ፣ በሁለቱ መሃል ነው። ብረት በብረት ከሆነ ግን ጠርዙ ይታጠፋል፣ ላስቲክ ያስፈልግሃል። እኔ መርካቶ በረባሶ የሚሰሩት ጋ ሄጄ ከወፍራም የከባድ መኪና ጎማ የክሪኩን ሳህን የሚያክል ክብ አስቆረጥኩ፣ መሃሉን ደግሞ ጠርዙ እንዲገባበት በቢላ አስጋጥኩት። ሰውዬው «እህቴ ሌላኛውስ እግር?» ብሎኛል።

የድሮ_መካኒክ
ፊቷን በአንዴ ለማንሳት ከፈለግህ ሞተሩ የተቀመጠበት ወፍራሙ ብረት መሃል ላይ ነው። ተጠንቀቅ ከዚያ ትንሽ ወደ ጎን የዘይት ኮፓው አለ፣ ቀጭን ነው። ስንት ሰው ኮፓውን በክሪክ ጠርምሶ ዘይቱን ግቢ ላይ አፍስሶ ጠርቶኛል።

ጎማ ስር የሚገባውን ታኮም እንዳትረሳ። የእጅ ፍሬን በቪትዝ የኋላ ጎማ ነው የሚይዘው፣ ኋላዋን ካነሳሃት የእጅ ፍሬኑ አየር ላይ ያሉ ጎማዎችን ነው የያዘልህ። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርግ። የጎማ ቡሎኖቹንም ጎማው መሬት ላይ እያለ ላላ አድርጋቸው፣ ተነስታ ሳለች በመፍቻ የምትታገል ከሆነ መኪናዋን ከክሪኩ ላይ የምትገፋት አንተ ነህ።

ሰፈር_22
ስታንድ ውድ ነው ብሎኬት ደርድሮ ማቆምስ? ግቢ ውስጥ የማይጠፋ

ቶርኖ_ቤት
ብሎኬት አይሆንም ወንድም። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፣ ግድግዳ ላይ ጭነቱ በሙሉ ፊቱ ላይ ተካፍሎ ስለሚያርፍ ነው የሚችለው። የመኪና ጠርዝ ግን አንድ መስመር ላይ ነው የሚጫነው። ደግሞ እንደ እንጨት ሲጥ ሲጥ ብሎ አያስጠነቅቅም፣ ደህና ቆሞ ቆሞ አንዴ ብን ይላል። ያልፈረሰበት ሰው ሁሉ ይሆናል ይላል፣ የፈረሰበት ደግሞ እዚህ መጥቶ አይጽፍም።

ሳሪስ_ጎሚስታ
ምንም ከሌለህ የፈታኸውን ጎማ ከነቸርኬው አስተኝተህ መኪናው ስር አስገባው። በቂ አይደለም ግን ክሪኩ ቢከዳህ ቸርኬው ላይ ታርፋለች እንጂ መሬት አትደርስም። እኔ ስታንድ እያለም አስገባለሁ። መንገድ ላይ ጎማ ሲፈታም ይሄ ልማድ ቢሆንብን።

ዱባይ_ሹፌር
እዚህ ይሄን ክሪክ ጀክ ቲምሳህ ነው የሚሉት፣ አዞ ማለት ነው፣ አፉን ከፍቶ ሲነሳ እውነትም አዞ ነው። የኛ ችግር ሙቀት ነው። ነሐሴ ላይ ቀን ሜዳ ላይ የዋለ ክሪክ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ጠዋት የሚይዘው ክሪክ ከሰዓት ቀስ እያለ ይወርዳል። የደከመ ጎሚኒ ያለው በሙቀት ነው የሚታወቀው። ብረቱንም በባዶ እጅ አትነካውም።

ቪትዝ_ጀማሪ
ሪፖርት!! ይቅርታ ረዥም ነው።

ጋሼ እንዳሉኝ መጀመሪያ ቫልቩን በመፍቻ ዘጋሁት፣ እውነትም እጀታው ከሚዘጋው በላይ ትንሽ ሄደልኝ። አንስቼ ሰዓት ያዝኩ፣ ከ10 ደቂቃ ወደ 25 ደቂቃ ተሻሻለ ግን ወረደ። ከዚያ ቫልቩን ከፍቶ እጀታውን ቶሎ ቶሎ መምታት የተባለውን አደረግኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ስለዚህ እሁድ ጠዋት መልቀቂያውን ፈታሁት።

መጀመሪያ ክሪኩን እስከ ታች አውርጄ ዘይቱን አፈሰስኩ፣ ሲወጣ ቡና መሰለኝ፣ ከታች የዘቀጠው ደግሞ አተላ ነው፣ በጣቴ ሳሸው ይሻክራል። የመልቀቂያውን ቡሎን አወጣሁ፣ ክሪኩን ዘንበል አድርጌ ኳሷ ትወጣለች ብዬ ስጠብቅ አልወጣችም፣ በቀጭን ካቻቢቴ ነካ ሳደርጋት ተስፈንጥራ ኮብልስቶኑ ላይ ጢው ጢው ብላ ጠፋች። አልጋነንኩም አንድ ሰዓት ተኩል ፈለግኳት። ወንድሜ የተበላሸ ስፒከር ሰብሮ ማግኔቱን በሲባጎ አስሮ ድንጋዮቹ መሃል ይጎትታል፣ ሶስት ሚስማር፣ ስምንት ቆርኪ፣ አንድ የመርፌ ቁልፍ አወጣ። ኳሷ የቧንቧው ስር ነበረች።

አሁን ጥያቄዬ፣ ኳሷ በአንድ ጎኗ ጥቁር ነጠብጣብ ነገር አላት፣ ጥፍሬን ሳሳልፍባት ይይዘኛል። የተቀመጠችበት ጉድጓድ አፍ ላይም በባትሪ ሳየው አንድ ቦታ ትንሽ ጭረት ያለ ይመስለኛል። በቃ ሞተ?

የድሮ_መካኒክ
አልሞተም። ጎበዝ፣ ኳሷን በማግኘትህ። ነጠብጣቡ ዝገት ነው፣ ውሃ ገብቶበት ከርሟል። አሮጌዋን ኳስ አትመልሳት። በካሊፐር ለካትና ልኳ ተመሳሳይ የሆነች ከአሮጌ ኩሽኔታ አውጣ፣ ኩሽኔታ የሚሸጡትም ጋ ነጠላ ኳስ አይጠፋም። ግምት አይሰራም፣ 6 ከሆነች 6 ናት።

ጉድጓዱን በነጭ ጋዝ እጠብ፣ በንጹህ ጨርቅ አድርቅ፣ ክር የሚተው ጨርቅ አይሁን። ከዚያ አዲሷን ኳስ ቦታዋ ላይ አስቀምጥና የነሐስ ዘንግ አስደግፈህ በትንሽ መዶሻ አንዴ ብቻ ጠቅ አድርጋት። በሩን እንደምታንኳኳ እንጂ እንደምትሰብር አይደለም። ኳሷ ራሷ ለራሷ ክብ መቀመጫ ታወጣለች፣ ጭረቱን ትደፍነዋለች። ነሐስ ከሌለህ ጠብቅ እስክታገኝ፣ በብረት እንዳትሞክር። ኦሪንጉንም፣ ቡሎኑ ላይ ያለውን ክብ ላስቲክ፣ በልኩ ቀይረው፣ የሎደርና የኤክስካቫተር ጎሚኒ የሚሸጡት ጋ አሮጌውን ይዘህ ሂድ።

ዘይቱ 32 ቁጥር የሃይድሮሊክ ዘይት። የሞተር ዘይት አታድርግ፣ ይወፍራል አረፋም ያበዛል። ክሪኩ እስከ ታች ወርዶ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ሆኖ እስከ መሙያው ቀዳዳ ስር ድረስ ሙላ፣ አፉ ድረስ አትሙላው። ተነስቶ እያለ ከሞላኸው ሲወርድ ዘይቱ መሄጃ አጥቶ ቡሹን ይተፋዋል።

ቶርኖ_ቤት
የነሐስ ዘንግ ከቸገረህ ማንኛውም ቶርኖ ቤት ጣት የምታክል ቁራጭ አይጠፋም፣ ከወለል ላይ ያነሱልሃል። ጫፏን ጠፍጣፋ እንዲያደርጉልህ ንገራቸው።

ቪትዝ_ጀማሪ
ያዘ!!! ኳሷ 6 ሚሊሜትር ነበረች ከአሮጌ ኩሽኔታ አወጣሁ፣ ዘንጓን ቶርኖ ቤቱ በነጻ ሰጠኝ፣ ኦሪንግ ቀየርኩ፣ ዘይት ሞላሁ፣ አየሩን አስወጣሁ። ትናንት ማታ 2 ሰዓት ላይ የፊቷን አንድ ጎን አነሳሁና ጎማው አጠገብ ሜትር አቁሜ ከመሬት ያለውን ልክ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ፣ ጎማውን ከነቸርኬው ከስር አስተኛሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ሳየው 3 ሚሊሜትር ወርዷል። ሌሊቱን ሁለት ጊዜ በመስኮት አይቼዋለሁ አልዋሽም። ስታንድ ሁለት ገዛሁ ባለ ፒኑን፣ ላሜራውም ተቆርጧል። ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴም ምርቃት ልካለች።

የድሮ_መካኒክ
3 ሚሊሜትር በ10 ሰዓት ለዚያ እድሜ ቆንጆ ነው። አሁን ጎማዎቹንና የክንዱን መዞሪያዎች ግራሶ አጠጣው፣ የላዩ ሳህን በእጅ ሲዞር ካልዞረ እሱንም። ዘይቱን ደግሞ በዓመት አንዴ፣ ክረምት ሲወጣ መስከረም ላይ ብትለውጠው አትረሳውም።

ሳሪስ_ጎሚስታ
እና አሁን ክሪኩ የት ነው የተቀመጠው? ወርዶ ነው?

ቪትዝ_ጀማሪ
መጋዘን ነው። ኧረ... ሳስገባው ክንዱ ወደ ላይ እንደቆመ ነው መሰለኝ። ችግር አለው?

ሳሪስ_ጎሚስታ
የፒስተኑ ብረት ውጪ ቀርቶ አቧራና እርጥበት ያገኘዋል፣ ያዝጋል፣ የዛገው ደግሞ ስታወርደው አዲሱን ልፋትህን ይፍቀዋል። ሂድ አውርደው።

ቪትዝ_ጀማሪ
በጨለማ ነው የምወጣው፣ መብራት የለም እኮ ሰፈራችን አሁን። እሺ ወጣሁ።